ሳልፈለፍል ያለበስኩት ቢም

ይህ የሆነ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ የማተርፈው የለም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ።

ጣሪያውን የተሸከሙት የኮንክሪት ቢሞች ውስጣቸው ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ዝጎ ነበር። የፈረሰውን ኮንክሪት እንፈለፍላለን፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እናጸዳለን፣ እንለስናለን። በላዩ የካርቦን ጨርቅ በሙጫ እናለብሳለን። በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንደ ብረት ነው።

ብዙ ዘመን ሠርቼበታለሁ። ግማሽ አመልካች ጣቴንም ለመቁረጫ ማሽኑ ገብሬያለሁ።

የምንኖረውም እዚያው ሕንፃ ነው፤ ከሦስተኛው ቢም በላይ ባለው ክፍል ልጄ ተኝታለች። ወገቧ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ብቻዋን መነሳት አትችልም።

"አባዬ፣ መዶሻው ጭንቅላቴን ሊከፍለው ነው... ተወው" አለችኝ።

አንጀቴ አልቻለም።

ሦስተኛውን ሳልፈለፍል፣ ከነዝገቱ አለበስኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከባልደረባዬ ጋር ልንፈትሽ ገባን። ጨርቁን በመዶሻ ጫፍ መታ መታ እናደርጋለን። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይዟል። ባዶ ከሰጠ...

ሦስተኛውን ቢም ሦስት ጊዜ መታሁ።

ባዶ።

ከዚያ... ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተመታ።

"ሰማህ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ባልደረባዬ ሳቀ። "ጋሼ፣ ጆሮህም ዛገ እንዴ?"

እንደገና ተመታ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

"አባዬ... ተው አላልኩህም?"

"መዶሻውን አስቀምጫለሁ፣ ልጄ።"



"ታዲያ... አልጋዬ ስር የሚፈለፍለው ማነው?"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣን አላውቅም። ከነፍራሿ ተሸክመን ደጅ አወጣናት። በየደረጃው "አምላኬ፣ እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተዋት" እል ነበር።

ቢሙ አልወደቀም።

ብቻዬን ተመለስኩ። ጨርቁን በማሽን ቀደድኩት።

ኮንክሪቱ በሥርዓቱ ተፈልፍሏል። ፌሮው ተቦርሾ ያበራል። እኔ የዘለልኩት ሥራ... አንድም ሳይቀር ተሠርቷል።

ጨርቁን ገለበጥኩት።

ሙጫው ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፋ የመዳፍ አሻራ አለ። አመልካች ጣቱ ግማሽ ነው።

እጄን ገጠምኩበት። ልኬ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ... ሙጫው ገና እርጥብ ነበር።