ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ

መረቡ ባዶ ነበር። ድንቢጥ ደብተሯን በብብቷ እንደያዘች ድልድዩ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ፣ ማታ ላስቲክና ኮዳ ታጭቆበት የነበረው መረብ ጽድት ብሎ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። ለአፍታ ደስ አላት። የዛሬው መረብ የማጽዳት ተራ የጓደኛዋ የሬዲዮ ቤት ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ሥራ ሲባል ሆዷን የሚቆርጣት ልጅ ናት። ሰው ለካ ይለወጣል ብላ ልትሄድ ስትል ዓይኗ ወንዙ ዳር ወዳለው ክምር ሄደ። ከመረቡ የሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ የሚደፋው እዚያ ነው። ክምሩ ከትናንቱ በአንዲት ኮዳ እንኳ አልጨመረም።

ድንቢጥ የተባለችው በቁመቷ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷት አሁንም ሰልፍ ላይ ከፊት ትቆማለች። ጓደኛዋን ሬዲዮ ያሏት ደግሞ ያለ ባትሪ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምታወራ ነው። ድንቢጥ ክፍል በር ላይ ያዘቻትና ስለ መረቡ ጠየቀቻት። ሬዲዮ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም። ከእናቷ ጋር በማለዳ ወርደው ሙልጭ አድርገው እንዳወጡት፣ እናቷን ወገቧን እንዳመማት፣ አንድ የሞተ አይጥም እንዳገኙ እያስመሰለች ተረከች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ጨመረች።

«የት ደፋችሁት?» አለች ድንቢጥ።

ሬዲዮ ደወል ተደወለ ብላ ወደ ክፍል ገባች፤ ደወሉ ግን አልተደወለም ነበር።

መረቡ የድንቢጥ አባት ንብረት ነበር። አባቷ ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወንዙ ዓሣውን ጨርሶ ላስቲክ መስጠት ሲጀምር ከተማው ማዶ ባለ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። መረቡን ግን ሊሸጠው አልጨከነም። ድንቢጥ በተወለደችበት ዓመት፣ ክረምቱን ሙሉ እሷን በእግሩ እያወዛወዘ በእጁ የቋጠረው መረብ ነው። አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ከድልድዩ አንድ እግር ወደ ሌላው ተወጥሮ ላስቲክ ቢይዝስ የሚለው ሐሳብ የድንቢጥ ነበር። በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች። ባለሱቁ ብድግ ብሎ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እያንዳንዱ ቤት ተራ ወጣለት። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ ክምሩን የሚያነሳ መኪና እንደሚልክ ቃል ገባ። መኪናው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

መረቡን ከድልድዩ እግር ጋር ያሰረው አባቷ ነው፤ ጫፉን አንዴ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ። ጎርፍ ከመጣ ማንም ሰው ገመዱን ይስበዋል፣ መረቡ እንደ በር ተከፍቶ ወደ ማዶ ይሄዳል፣ ውሃውም መንገዱን ያገኛል። አባቷ አሳሳቡን ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተለማመዱ። ሰፈሩም በደንብ ተማረ። ጠዋት ሙሉ በግማት ውስጥ ተዘፍቆ ኮዳ ከመልቀም ገመዷን አንዴ መሳብ፣ ቆሻሻው ቁልቁል ሲወርድ ማየት፣ መልሶ መቋጠርና ወደ ቤት መሄድ እንደሚቀል ለመረዳት ብዙ አልፈጀበትም። ድንቢጥ ሬዲዮን ካፋጠጠቻት በኋላ ለጥቂት ቀናት በማለዳ እየተነሳች ደፈጠች። ሬዲዮ የመጀመሪያዋም ብቸኛዋም አልነበረችም። የሎሚው ባለሱቅ ራሱ ግራና ቀኙን አይቶ ገመዱን ሲስብ በዓይኗ አየችው።

የዚያኑ ቀን የአባቷን ፒንሳ ይዛ ወረደችና መረቡን ከድልድዩ እግር ጋር በሽቦ ጠፈረችው። ሽቦውን ደርባ ጠመዘዘችው፤ እጇ እስኪላጥ አጠበቀችው። ማታ ለአባቷ ነገረችው።

«ቋጠሮው እኮ ለጎርፍ ነው» አለ።

ክረምቱ ገና መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ራሷ እንደምትፈታው ነገረችው። ደክሞት ስለነበር አልተከራከራትም፤ ፒንሳውን ተቀብሎ ወደ ሥራ ቦርሳው ከተተው።

ሽቦው ማጭበርበርን አስቀረ፤ ሰው ግን ሐቀኛ አልሆነም። መምጣቱን ነው የተወው። አንዱ ቤት ልጅ ታመመብኝ አለ፤ ሌላው እንግዳ መጣብኝ አለ፤ ሌላው ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከትምህርት በፊት ድንቢጥ፣ በእረፍት ቀኑ አባቷ እየወረዱ የቻሉትን ያወጡ ነበር። ያወጡትን ያህል ከላይ ይመጣል። አንድ ጠዋት ድንቢጥ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ የሕፃን ዳይፐር ከመረቡ ስታላቅቅ ሬዲዮ በድልድዩ ላይ አለፈች። ሬዲዮ ቆም አለች። ድንቢጥ ፊቷን አዞረችባት፤ ሬዲዮም መንገዷን ቀጠለች። ድንቢጥን ከሥራው ይልቅ ያ ነው የከበዳት።

ዝናቡ ሳይጠበቅ መጣ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ሳለ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይወርድ ጀመር፤ ድምፃቸው ጠፋ። ድንቢጥ በመስኮት ወደ ኮረብታው አየች። የወንዙ ራስ እዚያ ነው፤ ኮረብታውም ጥቁር ለብሷል። የሽቦው ነገር ትዝ አላት። ሳታስፈቅድ ወጥታ ሮጠች።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ መረቡ መረብ አልነበረም። የስንት ቀን ላስቲክና ኮዳ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ቅርንጫፍና ጭቃ ተደራርቦበት ግድግዳ ሆኗል። ውሃው ያንን ግድግዳ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ እየተመለሰ በዝቅታው በኩል ያሉትን ቤቶች ይሞላቸዋል። የመጀመሪያው የእነሬዲዮ ቤት ነው። ሰዉ ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ይወጣል። የሬዲዮ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ጨርቅ በራሷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የስፌት መኪናዋን አልጋ ላይ አውጥታዋለች፤ አልጋው ግን እሱም እየራሰ ነው።

ባለሱቁ ከድልድዩ እግር ሥር እስከ ደረቱ ገብቶ ሽቦውን በባዶ እጁ ይታገለዋል። ጣቶቹ ደምተዋል።

«ማነው በሽቦ ያሰረው?» አለ ቀና ብሎ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ድንቢጥ።

አልሰደባትም። ሰድቧት ቢሆን ይሻላት ነበር። ፒንሳ የት እንዳለ ጠየቃት፤ አባቷ ጋ፣ ከተማው ማዶ። ሌላ ፒንሳ ሊፈልግ እየተደነቃቀፈ ወጣ። ባለሱቁ እስኪመለስ ውሃው የሚጠብቅ አይመስልም ነበር።

ያኔ ሬዲዮ ከኋላዋ መጣች፤ እስከ ወገቧ ረጥባለች፤ በእጇ የእናቷን ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዛለች። ወረቀት እንኳ የማይቆረጥበት፣ እናቷ በልጆች እጅ እንዳይገባ የምትደብቀው መቀስ ነው።

«መረቡን ቁረጪው» አለች።

«የአባዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።» ሬዲዮ መቀሱን በእጀታው በኩል ዘረጋችላት።

ድንቢጥ መቀሱን ተቀበለች። ሬዲዮና እናቷ ከኋላ ቀሚሷንና ክንዷን ግጥም አድርገው ያዟት። ከድልድዩ እግር አጠገብ ጀምራ የመረቡን ዓይኖች አንድ በአንድ ቆረጠች። በእያንዳንዷ ቋጠሮ ላይ የአባቷ ጣት አርፏል፤ ክረምቱን ሙሉ እሷ እግሩ ላይ ተኝታ ሳለ የቋጠራቸው ናቸው። አለቀሰች፤ በዝናቡ መሃል ማንም አላየባትም። ግማሽ ያህሉን እንደቆረጠች ክብደቱ የቀረውን ራሱ ቀደደው። ግድግዳው በአንድ ጊዜ ተላቀቀና ቁልቁል ሄደ። የተገታው ውሃ ተከትሎት ሲወርድ ዳር ያለውን ክምር፣ መኪናው ሳያነሳው የቀረውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። የስንት ወር ልፋት ዓይናቸው እያየ ነጭ ሆኖ ውሃው ላይ ሄደ። ድንቢጥ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ተመለከተችው። የእነሬዲዮ ቤት ውሃም ከደጃፉ ዝቅ ማለት ጀመረ።

አባቷ ማምሻውን ሲመጣ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ነገረችው። ሽቦውንም፣ መቀሱንም፣ ሁሉንም።

«ሰው ተጎዳ?» አለ።

«አልተጎዳም።»

«እንግዲያው መረብ ብቻ ነው» አለ አባቷ።

መረብ ነው ይበል እንጂ፣ ከዝናቡ በኋላ ወርዶ ከድልድዩ እግሮች ላይ የቀረውን ቅዳጅ ሲሰበስብ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ነበር። ድንቢጥ ይህን አየች። ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ የምትለው ሁሉ አነሰባት።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ የጠራ የለም። ታች ያሉ መንደሮች የወንዛቸው ዳር በአንድ ቀን ላስቲክ ለበሰ ተባለ። ከየት እንደመጣ የጠየቀ ቢኖር እዚህ የመለሰለት አልነበረም። ባለሱቁ ጣቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ለአንድ ሳሙና አንድ ፌስታል መስጠቱን ቀጠለ። ድንቢጥን ሲያይ ግን ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷም ትሰብራለች።

ቅዳሜ ጠዋት የተረፈውን ቅዳጅ ተሸክማ ወደ ወንዙ ወረደች። የወንዙን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። አባቷ ተከትሏት መጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ።

«ይሄ ምን ይይዛል ብለሽ ነው?» አላት።

«ጥቂት።»

ሬዲዮ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ቁልቁለቱን ስትወርድ ታየች። መጥታ የመረቡን አንድ ጫፍ አነሳች። ለዝምታ ያልተፈጠረች ልጅ ናትና ጥቂት ቆይታ ያን ቀን መረቡን ለምን እንደለቀቀችው ተናገረች። እናቷ የሰው ልብስ ልታደርስ ሄዳ ብቻዋን ነበረች፤ አንድ ዳይፐር እጇ ላይ ፈረሰባት፤ እጇን አምስት ጊዜ ታጥባም ሽታው አልለቅ አላት። አይጡን ግን የእውነት አግኝታ ነበር። ድንቢጥ ሳትወድ ሳቀች።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለች ሬዲዮ። «ነገ አልመጣም። ዛሬ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች ድንቢጥ። ከ«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይልቅ ይህ ይሻል ነበር።

ከድልድዩ እግር ላይ የሽቦው ቁራጭ እንደተንጠለጠለ ነው። አባቷ ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። ተቀብላ ሽቦውን ቆርጣ ጣለችው፤ ከዚያ የመረቡን ገመድ በድልድዩ እግር ዙሪያ አዞረችና አባቷ ያሳያትን ቋጠሮ ቋጠረች። ክፍት በሆነው በኩል ኮዳዎች ተከታትለው እያለፉ ነበር። ጫፉን አንዴ ሳበችው፤ ተፈታ። መልሳ ቋጠረችውና ጫፉን ማንም ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።