ከራስ ቁሩ ሥር ያለው ፊት

ሟቿ በብረት ሜዳው መካከል በጎኗ ወድቃለች፤ የራስ ቁሯ እንደተዘጋ ነው። ሜዳው እዚህ በሚቀረጸው ፊልም ታሪክ የነገ ዘመን ሹማምንት ድሆችን እስከ ሞት የሚያጫውቱበት ነው። እሷ በዋናዋ ተዋናይት ፈንታ ከማማው የምትዘል ነበረች፤ ስብራቱ የእሷ፣ ፊቱ የተዋናይቱ።

መርማሪዋ ስትደርስ የዝላይ ገመዷን የሚያስርላት ባለገመድ በካቴና ታስሯል። የሟች ታላቅ ወንድም ነው።

«በቸልታ እህቴን ገደልክ አሉኝ፣ እትዬ። ጀርባዋ ላይ ያለውን የገመድ መቆለፊያ ዘግቼ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከታች ሆኜ ቀዩን ሳይ እጄን አነሳለሁ፣ ትዘላለች። ዛሬም ቀዩን አይቻለሁ!»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ክሩ አለ፤ መቆለፊያው ግን ክፍት ነው። ቋጠሮውም የጫማ ማሰሪያ ይመስላል። ባለገመዱ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ እንዲህ አይቋጥርም።

ሐኪሙ መጋረጃ ጋርዶ ቁሩን አወለቀ። ፊቷን ከእሱና ከመርማሪዋ በቀር ማንም አላየም።

«ሁልጊዜ የተዋናይቱን መልክ እቀባት ነበር» አለች ሜካፕ ሠሪዋ ለመርማሪዋ ብቻ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ዛሬ ‹በጥቁረቴ ነው የምዘለው፤ መሬት ስነካ ቁሩን አውልቄ ለካሜራው እታያለሁ› አለችኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ፤ ለወንድሟም አልተነፈስኩ።»

ዳይሬክተሩ ግን ለብቻው ሲጠየቅ ቆጣ ብሎ ነበር የመለሰው።

«ዛሬ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ከታች ስክሪኑ ፊት ነበርኩ። ለመታየት ስትል ነው የጠፋችው። እንደ ሌላው ቀን ተቀብታ ብትወጣ ልቧ ሥራዋ ላይ ይሆን ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሜካፕ ክፍሉ ውስጥ፣ መስታወቶቹ ፊት ሰበሰበች።

«መቆለፊያውን ከፍቶ ክሩን መልሶ የቋጠረ ሰው ማማው ላይ ወጥቷል። ባለገመዱ አይደለም፤ ቋጠሮው የእሱ አይደለም። ማነው ታዲያ? ቁሩ ተዘግቶ ወጣች፣ ተዘግቶ ወደቀች። አለመቀባቷን የሚያውቅ ምስጢሯን የያዘችው ሜካፕ ሠሪ ናት፤ ወይም ማማው ላይ ቁሩን ገልጣ ፊቷን ያሳየችው ሰው።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጌታው። አለመቀባቷን ማን ነገረዎት? ተጨቃጨቃችሁ፤ ‹አልቀባም› ብላ እምቢ ስትል ‹ዙሪ፣ ጀርባሽን ላስተካክልልሽ› አሏት። አመነችዎት።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ያንን ፊት ጀግና ብሎ ማን ያየዋል? ፊልሜን ልታበላሽ ነበር!»

«አንተ አየኸው» አለ ወንድሟ። «አይተህም ፈራኸው።»

ካቴናው ከባለገመዱ እጅ ወደ ዳይሬክተሩ እጅ ተላለፈ።

ዋናዋ ተዋናይት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ከእንግዲህ በእሷ ዝላይ ላይ ፊቴን አላስቀምጥም። የመጨረሻውን ትዕይንት ሌላ ፈልጉለት።»

ሜካፕ ሠሪዋ ስልኳን አወጣች። «ጠዋት ‹ቅረጪኝ› ብላኝ ነበር።» ሟቿ ቁሩን በብብቷ ይዛ፣ ቀለም ባልነካው ፊቷ ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ እያየች ትስቃለች።

«ፊልሙ በዚህ ያልቃል» አለች ተዋናይቱ። «እምቢ ካሉ ስሜን ያውጡ።»

ወንድሟ ካቴና የጎዳውን አንጓውን እያሸ ስልኩን አተኩሮ አየ።

«በትልቁ ይሁን» አለ። «እንደዚህ አሳንሳችሁ እንዳታሳዩአት። ስክሪኑን ሙሉ ትሁን።»