ያልተያዘ ፍሬን

ዳርሲ ውሻውን ከሩቅ አይታዋለች። እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች፤ ፍሬኑን ግን አልነካችም። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሃውገን ውሻ፣ በስተር፣ አርጅቷል፤ ጆሮውም አይሰማም። ይሻገራል ብላ ነበር። አልተሻገረም።

መኪናዋን ዳር አስይዛ ወረደች። ወደ ሣሩ ስትጎትተው ገና ይተነፍስ ነበር። ቆየት ብሎ ተወ።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ስልኳ ላይ ያስጫነው መተግበሪያ አነዳዷን እየተከታተለ ከመቶ ነጥብ ይሰጣታል። ነጥቡ ሲወርድ የቤተሰቡ ክፍያ ይጨምራል። እንደ ድንገተኛ ፍሬን ነጥብ የሚያወርድ ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ኳሱን ተከትሎ መንገድ ውስጥ የገባ ልጅ እንዳትገጭ ፍሬን ይዛ ነጥቧ ወደ ዘጠና አንድ ወረደ። አባቷ ግሌን ውጤቱን እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበና ከዘጠና በታች ከወረደች ቁልፉን እንደሚቀማት ነገራት። ስለ ልጁ አልጠየቃትም። ዳርሲ ከእናቷ ጋር የምትገናኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ፊንድሌይ ከተማ ድረስ ነድታ እየሄደች ነው። ከፍቺው ወዲህ አባቷ በዚያ መንገድ ዝር ብሎ አያውቅም።

እቤት ገብታ የሆነውን እያለቀሰች ስትነግረው ግሌን ስልኳን ከእጇ ወስዶ ጉዞውን ከፍቶ አየ።

«ዘጠና አራት» አለ። «ፍሬን የሚባል ነገር አልተመዘገበም። ሰው አይቶሻል?»

«አላየኝም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ወንድሟ ትሬንት ከሶፋው ላይ ቀና ሳይል «እሱን ብታተርፊው ኖሮ ሰማንያ ነበርሽ» አላት። «ውለታ ነው የዋለልሽ።»

ግሌን ወጥቶ የመኪናዋን ፊት በውሃ ጎማ አጠበ።

ሳይመሽ ወይዘሮ ሃውገን መጡ። ባዶ ማሰሪያውን እጃቸው ላይ ጠቅልለውታል። ውሻዬን የገጨውን ሰው አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ግሌን አንድ እጁን ዳርሲ ትከሻ ላይ እንደጣለ በጣም ማዘኑን ገለጸላቸው፤ እንደዚህ ገጭቶ የሚያመልጥን ሰው መንጃ ፈቃዱን መቀማት እንደሚገባም አከለበት።

ወይዘሮ ሃውገን ግን ያበጡትን የዳርሲን ዓይኖች እያዩ ነበር። «የኔ ልጅ፣ አንቺስ አለቀስሽለት» አሏትና ጉንጯን ዳበሷት።

ቀስ ብለው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ነገ ቅዳሜ ነው። የግሌን ጣቶች ትከሻዋ ላይ ጠበቅ አሉ። ዳርሲ እጁን አነሳችና ተከትላቸው ወጣች።

«ወይዘሮ ሃውገን» አለች። «እኔ ነኝ የገጨሁት። ማቆም እችል ነበር።»

አሮጊቷ ባሉበት ቆሙ። ዳርሲ ዞር እስኪሉ ድረስ ሣሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።