የአምስተኛዋ ዕጣ

«እኔ አልቀበልም! ያላደረግነውን አደረግን ብዬ እንግዳ ፊት አልቆምም!» አለች ፋሲካ፣ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሀጀራን ያስቀራት ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«አስቀረኋት እንዴ? እጇን አሰርኩት?» ዙለይሃ ከትምህርት ቤቱ የውሃ ሮቶ ጀርባ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች። «ባትመጭስ አልኳት። ቀረች። በቃ!»

«ባትመጭስ! ስሟት እስቲ!»

ኢምራን በመካከላቸው ገባ። «ያ ጀማዓ፣ አታካብዱ! ሙሉ ውጤት አግኝተናል። ቲቸር ደስ ብሏቸዋል። ሐሙስ እንግዶቹ መጥተው ያጨበጭቡልናል። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለጋችሁ ተቧጨሩ።»

«አንተማ ምን አለብህ፤ ለጭብጨባ ከሆነ ጫማህንም ትሸጣለህ።»

ዝናው፣ የቡድናቸው ዝምተኛ፣ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ፋሲካ ወደ ዙለይሃ ጠጋ አለች። አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለዙለይሃ ግን ከጩኸቱ የባሰ ሆነባት።

«እናቴ ትናንት ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ወርዳ የሀጀራን አክስት አግኝታ ነበር። ሀጀራ ትምህርት በቃኝ ብላለች። ደላላ እያነጋገረች ነው። ሰማሽ? ተመልሳ ሪያድ ልትሄድ ነው።»

«ውሸት ነው» አለች ዙለይሃ።

«ሂጅና ጠይቂያት። ጓደኛዋ አንች አይደለሽ?»

ደወሉ ተደወለና አራቱም ወደ ክፍል ገቡ። በኋለኛው ዴስክ ላይ የሀጀራ ቦታ ከፈተናው ቀን ወዲህ ባዶውን ነው። ዙለይሃ ወደዚያ ላለማየት አንገቷን ወደ ሰሌዳው አቅንታ ዋለች።

ነገሩ የጀመረው የሒሳብ መምህርቷ መስኡዳ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በአምስት በአምስት ያቧደኑ ጊዜ ነው። «ዘንድሮ የማጠናው እናንተን አይደለም፤ የራሴን አስተማሪነት ነው» ብለው ነበር ያን ዕለት። «ልጅ ብቻውን ከሚሮጥ፣ ጓደኛውን ይዞ ቢራመድ የበለጠ ይማር እንደሆነ አብረን እናያለን።» ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጡ። በጣሳው ውስጥ የአምስቱ ልጆች ስም የተጻፈባቸው ስንጥሮች አሉ። በፈተና ቀን መምህርቷ ጣሳውን ያንቀጫቅጩና አንድ ስንጥር ያወጣሉ፤ ዕጣ የወጣበት ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ይሠራል፤ እሱ ያገኘው ነጥብ የአምስቱም ነጥብ ይሆናል። ጎበዙ ደካማውን ካላስጠና አብሮ ይወድቃል ማለት ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የፈለገ ሰው ተነሥቶ በሳምንቱ ውስጥ ማን እንዳገዘውና ምን እንደተሰማው ይናገራል።

ዙለይሃ ደንቡን የሰማች ዕለት አልወደደችውም። ባለፈው መንፈቅ ማዕረግ የሚባለው ልጅ ለጥቂት በልጧት ሁለተኛ ወጥታለች። ዘንድሮ አንደኛነቱን ከእጁ ልትነጥቀው ስትዘጋጅ፣ ነጥቧ ሀጀራ እጅ ላይ ወደቀ።

ሀጀራ የክፍሉን ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜ ተጨምሮላት፣ ሪያድ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ነው የተመለሰችው። ረጅም ቁመቷን አጥፋ ኋላ ትቀመጣለች። ቀልደኛ ነን ባዮች «እትዬ ሀጀራ» ይሏታል፤ እሷም «አቤት ልጆቼ» ብላ አብራ ትስቃለች።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ያጠኑ ነበር። ሀጀራ ቁጥሩን ከእኩልታው ምልክት ወዲያ ማዶ ስታሻግር መቀነሱን መደመር ማድረጉን ትረሳለች። ዙለይሃም ደግማ ታሳያታለች። መጀመሪያ ለነጥቡ ብላ ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ግን፣ ሀጀራ አንዱ ጥያቄ በመጣላት ቁጥር እንደ ሕፃን ስታጨበጭብ ማየቱን ወደደችው። አንድ ዓርብ ሀጀራ ተነሥታ ቆመች። «ዙለይሃ አስጠናችኝ። አልገባኝ ሲልም አልጮኸችብኝም። ሰው ሳይጮህብኝ ሥራ ስማር ይኸ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ዙለይሃ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ከደስታ ብዛት።

ከዚያ የትልቁ ፈተና ዋዜማ መጣ። የማዕረግ ቡድን ቀድሞ ተፈትኖ ጥሩ አምጥቷል። ሀጀራ ያን ቀን አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ ያው የመቀነስ ምልክት።

«ሀጀራ፣» አለች ዙለይሃ ዓይኗን ውሃው ላይ ተክላ፣ «ነገ ባትመጭስ? አመመኝ በይ። በሌለ ሰው ዕጣ አይወጣም።»

ሀጀራ አልተቆጣችም። ብድግ ብላ ቆመች፤ እጆቿን ሆዷ ላይ አነባበረች። «ሓድር» አለች።

ዙለይሃ ቃሉን ታውቀዋለች። ሀጀራ ራሷ እየሳቀች ነግራታለች፤ ሪያድ እመቤቲቱ ልብስ እጠቢ ብትል፣ ምግቡን ድፊው ብትል፣ ብትሰድባትም እንኳ፣ መልሱ ያው አንድ ነው፤ ሓድር፣ እሺ፣ ታዝዣለሁ። ስትነግራት አብረው ስቀው ነበር። ያን ዕለት ግን ዙለይሃ አልሳቀችም። «ኧረ ቀልዴን ነው፣ ነይ» ማለትም ትችል ነበር። አላለችም። በማግሥቱ ዕጣው ለኢምራን ወጣ፤ ኢምራንም አንድ ሳይስት ሠራው።

ፋሲካ በጮኸችባት ዕለት፣ ዙለይሃ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ሐይቁ ወረደች። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታጠና ነበር። አክስትየዋ ዓሣ የሚጠብሱበት ዳስ ሥር ሀጀራ ሽርጧን አገልድማ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ትፍቃለች፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጣጥፎ ያብለጨልጫል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም! ዙለይሃ! ምን እግር ጣለሽ?»

ዙለይሃ አፏን ከፈተች። «እማ ዓሣ ግዢ ብላኝ» አለች።

እናቷ እንዲህ ያለ ነገር አላለቻትም።

ሀጀራ ሳፋው ውስጥ እጇን ከትታ ትልልቁን ትመርጥ ጀመር። «ለመሆኑ ስንት አገኘን?»

*አገኘን* አለች። ዙለይሃ መሬት መሬት አየች። «ሙሉ።»

«ማሻአላህ! ዕጣው ለማን ወጣ?»

«ለኢምራን።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ብኖርና ቢወጣብኝ ጉድ ይፈላ ነበር። እንኳንም ቅሪ አልሽኝ።»

ዙለይሃ ፊቷን ፈተሸችው። አንዲት የምሬት መስመር፣ አንድ የአሽሙር ጥቅሻ ብታገኝበት ይቀላት ነበር። ምንም አልነበረበትም። ሀጀራ ዓሣውን ከልቧ እየመረጠች ነው።

«ትምህርቱስ?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! እዚያ ቢያንስ ሥራ እችላለሁ። እዚህ ምን እችላለሁ? ሐሙስ ዙሁር ሰግጄ ደሴ እወጣለሁ፤ ደላላው ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ ብሎኛል።»

«ሕጋዊ ነው ግን?»

«ነው ይላል።» ሀጀራ በአጭሩ ሳቀች። «ባለፈውም ነው ብሎ ነበር።»

ዙለይሃ ያላትን ብር ከቦርሳዋ ስታወጣ ሀጀራ እጇን መለሰችው። «ወላሂ አይሆንም! ለአስተማሪዬ ልሸጥ? አይነውር!»

ዙለይሃ ዓሣውን በፌስታል አንጠልጥላ ዳገቱን ወጣች። ቤት ስትደርስ እናቷ ተገርማ ተቀበለቻት።

«ይኸን የመሰለ ዓሣ ከየት አመጣሽ?»

«ሀጀራ ሰጠችኝ።»

«አላህ ይስጣት። ደግ ብትሆኝላት ነው እኮ ልጄ። ሰው እንዲያው በሜዳ አይሰጥም።»

ዓሣው ተጠብሶ ሲቀርብ ዙለይሃ «አመመኝ» ብላ ተነሣች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ማን እንዲለው መክራ እንደነበር ትዝ ያላት።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ዙለይሃ መምህርት መስኡዳን ሰሌዳ ሲያጸዱ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ ሀጀራ የፈተናው ቀን አላመማትም። እኔ ነኝ ቅሪ ያልኳት።»

መምህርቷ ዳስተሩን ይዘው ቀሩ። ዙለይሃ ቁጣ ጠበቀች፤ ለቁጣው ከቤቷ ጀምራ ስትዘጋጅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡ። እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው ነበር የተቀመጡት።

«የሀጀራን ስንጥር ከጣሳው ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ» አሉ። «የለችም ብዬ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ሳወጣውም ቅር ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀርታ የማታውቅ ልጅ ለምን በፈተና ቀን ቀረች? ይኸን መጠየቅ ነበረብኝ። ኢምራን ሙሉ አገኘና… ጥናቴ አማረ። ደስ አለኝ። አልጠየቅኩም።»

 ዙለይሃ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያፍር አይታ አታውቅም።

«ነገ ደላላ ልታነጋግር ደሴ ትሄዳለች፣ ቲቸር። ከዙሁር በኋላ።»

«ነገ?» መምህርቷ ግንባራቸውን ጠመኔ በነካው እጃቸው አሻሹት። «እንግዶቹም ነገ ናቸው።» ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሂጅ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ። ላስብበት።»

ሐሙስ ዕለት የመምህርቷን ጥናት ሊሰሙ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን የፊት ዴስኮቹን ሞሉት። ከወረዳ የመጡት ሱፐርቫይዘር፣ አቶ ሙሐመድሁሴን፣ ከመሐል ተቀመጡ። ልጆቹ ከኋላ ተጣበው ነበር። ኢምራን ፀጉሩን ውሃ ነክሮ አስተኝቶታል። ፋሲካ ከዙለይሃ ጋር ከማክሰኞ ጀምሮ እንደተኮራረፈች ናት፤ ዛሬም ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች።

መምህርቷ ክፍሉ ቀድሞ እንዴት እንደነበረ፣ በኋላ ምን እንደታየ አስረዱ። ዓይን አፋር የነበሩ ልጆች ሰሌዳ መውጣት መጀመራቸውን ተናገሩ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ዙለይሃ ቡድን ደረሱና ቆሙ።

«የዚህ ቡድን ሙሉ ውጤት ልክ አይደለም» አሉ። «አራት ልጆች ናቸው የተፈተኑት። አምስተኛዋ የቀረችው ዕጣው እንዳይወጣባት ነው።»

 ዙለይሃ ጉልበቷን ጨብጣ ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች።  መምህርቷ ግን ወደ እሷ አላዩም።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲሉ ቀጠሉ። «ደካማ ተማሪ እንዲደገፍ ብዬ ያወጣሁት ደንብ፣ ደካማውን ለሚያስቀር ሰው እንደሚያተርፍ አልታየኝም። ባየሁት ቀንም ዝም ብዬ ነጥቡን ሰጠሁ።»

«እንዴ፣ መምህርት!» አቶ ሙሐመድሁሴን መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ጥናቱ ከሸፈ ማለት አይደለም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አሉ ከዳር የተቀመጡ መምህር። «እንዲያውም አሁን ገና ተጀመረ እንጂ!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ነጥቡ ካርድ ላይ ሰፍሯል?»

«ልጅቷስ? ልጅቷ የት ናት?» ስትል አንዲት መምህርት ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ግን በሌሎቹ ክርክር ተዋጠ። ሁለቱ ዕጣው ይቅር ሲሉ ሦስተኛው ዕጣውማ ይኑር፣ የቀረ ሰው ግን ቡድኑን ያስቀጣ ይላል። አቶ ሙሐመድሁሴን በእስክሪብቶ ዴስኩን እየመቱ «በሥርዓት! በሥርዓት!» ይላሉ።

ዙለይሃ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። መናኸሪያው ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ግን ከሞላ አይጠብቅም። ሀጀራን ስታገኛት ምን እንደምትላት አላወቀችም። ይቅርታው ለሀጀራ ከመንገዷ የሚበልጥባት ለመሆኑም እርግጠኛ አልነበረችም። የምታውቀው ይኸን ብቻ ነው፤ ዛሬ ዓሣ ልገዛ መጣሁ አትልም።

ብድግ አለች። ኢምራን ክርክሩን ለመስማት አንገቱን አስግጎ ስለነበር ዓይኑን ከፊት ሳይነቅል ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋት። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። ግቢውን አቋርጣ ዋናው በር ስትደርስ ዘበኛው ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ቀና ሳይሉ፣ በእግራቸው በሩን ገፋ አደረጉላት።