ባዶውን የማያይ መሣሪያ

መርማሪውን የጠራችው የሟች እናት ራሷ ናት። ጎረቤትማ ምን ያድርግለታል! ሬሳው ከጉድጓዱ በወጣ በሰዓቱ «ወንድሙ ነው የገደለው» ብሎ ፈርዶ ቁጭ ብሏል። ሁለቱ ወንድማማቾች ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ አጥር ለአጥር ሰምቷላ።

«ልጄ፣ ሁለት ወንዶች ነበሩኝ» አለችው፣ እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ። «አንዱ ይኸው ተጋድሟል። የተረፈኝን ደግሞ ሰው በምላሱ ሊቀብርብኝ ነው። ንጹሕ መሆኑን አሳይልኝና ከዚያ ወዲያ ብሞትም ግድ የለኝ።»

«እማማ፣ እኔ የማሳየው ያገኘሁትን ነው።»

«እሱኑ አሳይልኝ» አለች። ለመሆኑ ሌላ ምን ሊያገኝ ይችላል? አላሰበችውም።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል። ቀጭን ነው፣ ድምፁም አይሰማም፤ ከገባበት ነገር ግን ሳይበሳ አይወጣም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ ሲለው ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። እናትየዋ ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞክራ አልሆነላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የተሠራው ድሮ ድንጋይ ይወጣበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ከሥር ዋሻ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ የጓሮው ግድግዳ ግን በየዓመቱ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የቀድሞው ባለቤት ጓሮው ውስጥ የብረት ሣጥን ቀብሯል የሚል ወሬ አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ! ታላቁ ልጅ ግንበኛ ነበርና ስንጥቁ ያስጨንቀዋል። መካኒኩ ታናሹ ደግሞ ሣጥኑን በሕልሙ ሳይቀር ያየዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል። መሣሪያ እንከራይ ሲሉ እናትየዋ ሁለቱንም አስማለቻቸው፤ መጀመሪያ ከመሬት በታች ያለውን ባዶ የሚያይ መሣሪያ ይመጣል፣ የሣጥን ወሬ ከዚያ በኋላ።

አሁን ታላቁ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል። የተገኘው ጓሮ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ቁመት ከሚሆን ጉድጓድ ሥር፣ አፈር ለብሶ ነው። አካፋ አጠገቡ ወድቋል። ቤተሰቡ «ሲቆፍር ተንዶበት ነው» ይላል።

መርፌ ተንበረከከ። የሟች ሱሪ በጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል። እግሩ ላይ ቀጭን የላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። ቀበቶውና ሰዓቱ መጋዘን ውስጥ፣ ሳፋ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ በመሰላል ወረደ። ከላይ ሁለት ስንዝር የማይሞላ አፈር አለ፤ ከሱ በታች ዙሪያው በሰው እጅ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ሟቹን የሸፈነው አፈር ሣር ከነሥሩ አለበት።

በመጀመሪያ ያናገረው ሬሳውን ያገኘውን፣ መሣሪያ አከራዩን ነው።

«ስልክ ተደወለልኝ፣ በሟች ስም» አለ አከራዩ። «ባዶ ለማየት ከሆነ ባለ ካስማውን ውሰድ አልኩት። ካስማዎቹን ትተክላለህ፣ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለህ፤ ቀን ይፈጃል እንጂ አይዋሽም። ‹እኔ ካስማ ስተክል አልውልም፣ ጥልቅ የተቀበረ ብረት የሚያገኘውን ላክልኝ› አለኝ። ትናንት ማታ ላክሁ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ልወስድ ስመጣ ይኼ ጉድ ጠበቀኝ።»

የተጣጠፈውን የመሣሪያውን ክፈፍ ዘረጋው። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ነው።

«ይኼ ባዶ ያያል?»

«ኧረ የት አባቱ! ትልቅ ብረት ከሆነ ሦስት አራት ሜትር ወርዶ ይሰማል። ከሥሩ ገደል ቢኖር ግን ዝም ነው።»

«አንድ ሰው ብቻውን ያዞረዋል?»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ጌታዬ፤ ከፊትና ከኋላ ይያዛል። ሁለቱም ታዲያ ቀበቶ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ሚስማር ያለው ጫማ የለ። ብረት ይዘህ ከተጠጋኸው ያብዳል።»

ቀጥሎ የሟች እህት ባል ቀረበ። እዚሁ ግቢ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፣ በግራ እግሩ ያነክሳል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተረኝነቷ ገና አልተመለሰችም ነበር።

«እኔ እስከ ሦስት ሰዓት ተኝቻለሁ። ለዚህም ምስክሬ ማንኮራፋቴ ነው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረና ድምፁ ተሰበረ። «ደግ ሰው ነበር እኮ!»

«ታናሹስ?»

«እሱም ልጅ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። አንገቱ ላይ የአባቱን የብረት ሰንሰለት አይተህ እንደሆነ፣ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም።»

ታናሹ ብዙ አልተናገረም። ሰንሰለቱን በጣቱ እየጠቀለለ «ተኝቼ ነበር» አለ፤ «ስነሳ እማዬ አይታኛለች።»

እናትየዋ ይኼን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

«አዎ አይቼዋለሁ! አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ቧንቧ ውሃ ስቀዳ፣ ከቤት ብቅ አለ። ገና ከአልጋው መነሳቱ ነው። ሱሪውን በእጁ ይዞ፣ ቀበቶ እንኳ አልታጠቀም። ‹ምነው አንተ ልጅ፣ ሱሪህ ሊወልቅ ነው› ብዬዋለሁ። የአባቱ ሰንሰለት ሳይቀር አንገቱ ላይ አልነበረም። ታዲያ እንዲህ ሆኖ የሚወጣ ከአልጋው የተነሳ እንጂ ከጓሮ የመጣ ነው?»

«ሰንሰለቱም አልነበረም አሉኝ?»

«ባይኔ በብረቱ!» አለች፤ ልጇን ያዳነች መስሏት ልቧ ቀለል አለ።

መርፌ ማስታወሻውን ዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ማየት አቃተው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ክፈፉም መሐል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆመ።

«ሟቹ ሲቆፍር አልሞተም» ብሎ ጀመረ። «ግንበኛ በነጠላ ጫማ አይቆፍርም። ለመቆፈር ብሎ ቀበቶውን የሚፈታም የለም። ብረት ያወለቀው ይኼን ክፈፍ ሊሸከም ነው። ሲራመድ ስስ የሆነው አፈር ከሥሩ ከዳው፣ ድሮ የተጠረበ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። አፈሩም አልተናደም። ሣር ያለበት አፈር የመሬቱ ፊት ነው፤ አንድ ሰው በአካፋ እየላጠ መልሶበታል። ክፈፉን ብቻውን ሊይዘው አይችልም ነበርና ሁለተኛ ሰው አለ። ግቢው ደግሞ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።»

«እኔን ነው?» አለ ታክሲ ነጂው ላቡ እየወረደ።

«እስቲ ተጠጋ።»

አከራዩ መሣሪያውን አበራው። ነጂው እያነከሰ መጥቶ ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረው መሣሪያው ጮኸ።

«ከአደጋው ጀምሮ እግሬ ውስጥ ብረት አለ» አለ ነጂው።

«አውቃለሁ። አንተ ይዘኸው ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ሲጮህ ይውል ነበር። አከራዩ በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲያስተናግድ ነበር፤ አጣርቻለሁ። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ብረቱን ሁሉ ያወለቀ፣ ገላውን ሲታጠብ የማያወልቀውን ሰንሰለት እንኳ ያወለቀ፣ አንድ ሰው ይቀራል።»

እናትየዋ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። «አፌ ይቆረጥ!» አለች። «እኔ ነኝ! እኔው ነኝ የነገርኩህ!»

«ቀበቶ አለመታጠቅ ወንጀል ሆነ?» አለ ታናሹ።

«አይደለም። በወንድምህ ስም ደውለህ ባዶውን የማያየውን መሣሪያ ማስመጣትህም ምናልባት ለመግደል የታሰበ ክፋት አልነበረም። ስትደነግጥ እናትህን ፈርተህ ሬሳ መሸፈንህም እንዲሁ። ግን ሬሳ አልነበረም። ሐኪሙ ከሟቹ ጉሮሮ ውስጥ፣ ወደ ታች ድረስ፣ አፈር አውጥቷል። ሙት ወደ ውስጥ አይስብም። አፈሩ ሲወርድበት ወንድምህ ይተነፍስ ነበር።»

«ሞቶ ነበር!» ታናሹ ተነስቶ ጮኸ። «ሦስቴ ጠራሁት! ጋሼ፣ ጋሼ ብዬ! አልመለሰልኝም እኮ! ‹ይኼ ባዶውን ያያል አይደል?› ሲለኝ አዎ ብዬው፣ አምኖኝ ነው ከፊት የቀደመው። ለእማዬ ምን ልበላት? ሲቆፍር ሞተ ቢባል ይሻላል ብዬ...»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናትየዋ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች። አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«አፈሩን ስትመልስበት ምንም አልሰማህም?»

ታናሹ ሰንሰለቱን በጣቱ ጠቀለለ።

«ንገረኝ። እኔ እናትህ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለ። «አፈሩ የሚንሸራተት መስሎኝ ነው።»

እጇን ከአገጩ ላይ አነሳች። ፖሊሱ ሲጠጋ ሁሉም እግሩ ላይ የምትወድቅ መሰላቸው። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ውሰደው» አለች።

ወሰዱት። መኪናው ሲነሳ ግን ማንም ሳይይዛት ባዶ እግሯን ወጣች፤ የመኪናውን ኋላ በመዳፏ እየመታች፣ መንገዱ እስኪታጠፍ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ተከተለች። ጠዋት የፈረዱት ጎረቤቶች በየደጃፋቸው ቆመው ነበር። የትኛውን ልጇን እንደምትጠራ የጠየቃት አንድም ሰው የለም።