የእማማ ጌጤ ጣሳዎች

«እስኪ ንኪው» አለች ትዝታ፣ ጣቷን ከአፈሩ ሳታወጣ። «እርጥብ ነው።»

ማህሌት አልነካችም። ሁለቱም የተቆለፈውን በር አዩ። እማማ ጌጤ የሞቱት በኅዳር ነው፤ ልጃቸው ቤቱን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ከሄደ አራተኛ ወሩን ይዟል። ጓጉንቸሩ ላይ ሸረሪት አድርቷል። ዝናብ ደግሞ ከጥምቀት ወዲህ ጠብ አላለም።

ወደዚህ፣ ወደ ጋፋት መውጫው ቀጭን መንገድ ያመጣቸው የትምህርት ቤታቸው የአትክልት ክበብ ነው። የችግኝ ማፍያ ትሪ በደብረ ታቦር ሱቆች ዋጋው አልቀመስ ሲል፣ ትዝታ በሰው ሁሉ ፊት እጇን አውጥታ «አርባ ዕቃ እኔ አመጣለሁ» ብላ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ለቅማ ሃይላንዱም የእርጎ ኩባያውም ተደምሮ አሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ሰኞ ዘሩ ካልተዘራ የተሰጣቸው የአትክልት መደብ ለሌላ ክበብ ይሰጣል። «እማማ ጌጤ ጓሮ የጣሳ መዓት አለ፤ የሞተ ሰው ዕቃ ማን ይጠይቃል?» ያለቻት ጓደኛዋ ማህሌት ናት።

እውነትም ነበር። የዱቄት ወተትና የድልህ ጣሳዎች በግድግዳው ሥር በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። ቂጣቸው በምስማር ተበስቷል፤ አፈር ተሞልተዋል። ከጉና የወረደው ጉም ግቢውን ውጦት፣ በእኩለ ቀን አጥሩ እንኳ አይታይም።

«ሙድ አትያዢብኝ» አለች ማህሌት፤ አንዱን ጣሳ አንስታ ገለበጠችው። ሁለት ቅጠል ያወጣች ትንሽ ጎመን ከነአፈሯ እግሯ ሥር ወደቀች።

«ይሄ ከተዘራ ሁለት ሳምንት አይሞላውም» አለች ትዝታ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ማን ዘራው?»

ያኔ ከቤቱ ጥግ ውሃ ሲንጠባጠብ ተሰማ። ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ዝም። ማህሌት ለጣሳዎቹ ያመጡትን ከረጢት ጥላ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ የሩጫዋ ኮቴ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ትዝታም መሮጥ አምሯት ነበር፤ እግሯ ግን ወደ ጥጉ ወሰዳት። ማንም የለም። ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ባልዲ ተቀምጧል፤ የተንሳፈፈችበት ኩባያ ገና ትወዛወዛለች። በዙሪያው አቧራ ላይ ከራሷ ኮቴ በቀር አንድም ዱካ አይታይም።

«ቤቶች?» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «እማማ?»

አጠገቧ ቆሞ የሚያዳምጣት ያለ ይመስል ማጅራቷ ቀዘቀዘ።

ወደ ጣሳዎቹ ተመለሰች። ልብ ያለችው አሁን ነው። ሦስቱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ረጥቧል፤ አራተኛው እስከ ግማሹ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጎመኖቹም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሲያጠጣ የነበረው ሰው ሥራውን ሳይጨርስ የተነሳ ይመስላል።

መሬት ላይ የወደቀውን ከረጢት አየችው። ሰኞ በክበቡ ልጆች ፊት ባዶ እጇን ስትቆም ታያት፤ የሚሏትም ሁሉ ተሰማት። ከዚያ ከረጢቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ደብተሮቿ መሃል ከተተችው። ተንበርክካ የወደቀችውን ጎመን ከነአፈሯ ወደ ጣሳዋ መለሰቻት።

ባልዲውን አመጣች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ዞር ሳትል፣ እርጥቡ ካበቃበት ቀጥሎ ያለውን ጣሳ ማጠጣት ጀመረች።