ወተት የመሰለው ደም

አብዱልሀሚድ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ እየመዘነ ሞተ። በረመዳን አንድ ምሽት ካፈጠረ በኋላ ሆዱን ይዞ ሲያስመልስ አድሮ፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አረፈ። ወንድሙ ኢስሀቅ ሬሳው ሳይወጣ «ሚስቱ መርዛዋለች» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ ኡሙሀኒም ተይዛ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ኢንስፔክተር አስናቀች ኢስሀቅን ገና ስታየው ናቀችው። ለቅሶውን ትቶ ጣት ሲቀስር የሚውል ሰው አይጥማትም።

«ምን አይተህ ነው?»

«የማፍጠሪያውን ሾርባ የሠራችው እሷ ናት!»

«አንተስ አልጠጣህም?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ አንተን ምነው ማረህ?»

ሐኪሙ ማኅደረማርያም መርዝ አላገኘም። «ቆሽቱ ተቆጥቶ ነው የሞተው» አላት። «ደሙ በስብ ብዛት ወተት መስሏል። ክብደት ያለ ልክ ሲጨምር ጉበት ስቡን ወደ ደም ይለቀዋል፤ ወጣት ነው ብሎ አይምርም። ክኒን አዝዤለት ነበር።»

ክኒኑን ካቆመ ግን ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ምክንያቱ ሟቹ ይሠለጥንበት በነበረው፣ ፍቅሩ በሚባል አሠልጣኝ ጂም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የአብዱልሀሚድ ስም ያለበት፣ የደሙ ስብ ጤነኛ ነው የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት። ከሥሩ ፍቅሩ የሚሸጠው ስብ አቅላጭ ዱቄት ተደርድሯል። ፍቅሩ መስታወት ፊት ቀጭን ወገቡን እያየ ይቆማል። አስናቀች ከሌባ ለይታ አላየችውም፤ ሌባ እንኳ ጡንቻውን አያሳይም።

ሁሉንም እዚያው ጂም ሰበሰበቻቸው፤ ኡሙሀኒንም ከጣቢያ አስመጣች።

«ለዚህ ምርመራ ደሙን ማን ቀዳው?»

«እኔው ነኝ» አለ ፍቅሩ፣ በጨው የታጠበ ዓይኑን ሳይሰብር። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ቀድቼ፣ ላቦራቶሪ አደረስኩለት።»

«ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ምግብ አልቀመሰም ብለህ አስመዝግበሃል።»

«ጿሚ አይደል እንዴ? ምን ይበላል?»

ኡሙሀኒ ቀና አለች። «ያን ቀንም ሱሁር በልቷል እኮ! ጎህ ሳይቀድ፣ ገንፎ በቅቤ።»

«አብረን ነው የበላነው» አለ ኢስሀቅ።

አስናቀች ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ቅቤ ከበላ ሦስት ሰዓት ገደማ የሆነው፣ ያውም እንደሱ የታመመ ሰው፣ ደሙ እንዲህ ይጠራል?»

«በፍጹም!»

«ሰማህ ፍቅሩ? ዕድሜህን ሙሉ ከእስላም ጎረቤት ጋር ኖረህ፣ በጾም መቼ እንደሚበሉ እንኳ ጠይቀህ አታውቅም። ይህ ባዶ ሆዱን ያደረ፣ ቀጭን ሰው ደም ነው። የሱን ደፍተህ የራስህን ሰጠህ፤ ዱቄትህ እንዲሸጥ። ላቦራቶሪው የተረፈውን ደም አስቀምጧል። በል፣ እንዲመሳከር ክንድህን ለሐኪሙ ስጥ።»

ፍቅሩ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ። ኡሙሀኒን ያመጣት ፖሊስ ካቴናውን እዚያው አጠለቀለት።

ኢስሀቅ እንባው ወረደ። «ኡሙሀኒ፣ አውፍ በይኝ፤ በድዬሻለሁ።»

እሷ ግን አልሰማችውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነበር የምታየው።

«ክኒኑን በየማታው የማስውጠው እኔ ነበርኩ» አለች። «ባሌ ያንን ወረቀት ሲያሳየኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ክኒኑን የጣልኩትም እኔው ነኝ።»